የተወጋ ሲረሳ ማን ያስታውስለት?

“የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ” ይላል የአገራችን ሰው። እውነት ነው። እጁን የተመታ እጁን ባየ ቁጥር፣ እግሩን የተመታ ባነከሰ ቁጥር የመታውን ያስታውሳል። ከዚህ ተረት ውጭ የሚሆን አንድ ሰው ብቻ አለ፤ እሱም ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ነው። ማን እንደመታው ቀርቶ መቼና የት እንደተመታ ይረሳል። ሲብስም የገዛ ልጁን ስም ይረሳል። የወጋው ረሳ፣ የተወጋውም ረሳ። እንግዲህ በዚህ መሀል የሚያስታውሰው ማነው? ሕግ ነዋ! ሕግ የተሠራው አቅመ ቢሱ ሲረሳ ሊያስታውስለት፣ ዝም ሲል ሊናገርለት አልነበረም እንዴ?

ይህን ጥያቄ ይዘን ወደ ሰሜን ወሎ እንውረድ።

ጥር 12 ቀን 2010 ዓ.ም. ወልድያ ላይ የጥምቀት ማግስት ነበር። ነጭ ለብሶ፣ ታቦት አጅቦ፣ እየዘፈነ በወጣው ሕዝብ ላይ የመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች አስለቃሽ ጭስ ለቀቁ፤ ጥይትም ተኮሱ። ሰባት ሰዎች መሞታቸውን ባለሥልጣናት ራሳቸው አመኑ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ጽ/ቤትም ገለልተኛ ምርመራ ይካሄድ ብሎ ጠየቀ። ቁጣው በቀናት ውስጥ ወደ ቆቦ፣ ወደ ሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ወደ መርሳም ተሻገረ። እዚያም ደም ፈሰሰ፤ እዚያም ሰው ተቀበረ።

የሞቱት ተቆጠሩ። ተለቀሰላቸው፣ ተዝካራቸው ወጣ፣ ሶደቃ ተደረገላቸው። የቆሰሉትስ? የቆሰሉት በየዜናው መጨረሻ ላይ “ሌሎችም ቆስለዋል” ተብለው በአንዲት መስመር ታለፉ። ሰው ግን በአንዲት መስመር አይድንም። ያቺ መስመር ከተጻፈች በኋላ ቤተሰብ የሚኖረው ዓመታትን ነው።

በተለይ ጭንቅላቱን የተመታው ሰው ነገር የተለየ ነው። ለዚህ የግድ ጥይት አያስፈልግም። የጠመንጃ ሰደፍ ይበቃል፣ ቆመጥ ይበቃል፣ በሽሽት ላይ ተጋፍቶ አስፋልት ላይ በጭንቅላት መውደቅ ይበቃል። ክፋቱ ደግሞ ከውጭ አለመታየቱ ነው። የራስ ቅል ሳይሰበር አንጎል ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል። ሰውየው ተነሥቶ ሁለት እርምጃ ይሄዳል፣ “ደህና ነኝ” ይላል፣ ማታ ላይ ራሱን ይስታል። የፈሰሰው ደም በሲቲ ስካን ካልታየ አይታወቅም። በሰዓታት ውስጥ በቀዶ ሕክምና ካልወጣም አንጎልን ተጭኖ ይገድላል፤ ወይም ሰውየውን በቁሙ ሌላ ሰው አድርጎ ይተወዋል። ከወልድያ አዲስ አበባ ደግሞ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሰዓቱ መንገድ ላይ ያልቃል።

ከሞት የተረፈውስ? ቁመናው ያው ነው። እጅ እግሩ ሙሉ ነው። ጎረቤት ሲያየው “ምን ሆነ? ደህና አይደለም እንዴ!” ይላል። ቤት ውስጥ ግን እናቱ ታውቃለች። የጀመረውን አይጨርስም፤ ገበያ ልከውት ባዶ እጁን ይመለሳል፤ በትንሽ ነገር ይቆጣል፤ ሌሊት አይተኛም። የሚጥል በሽታ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ይመጣበታል። ያን ጊዜ “ልክፍት ነው” ይባላል። ክርስቲያኑ ጠበል፣ ሙስሊሙ ዱዓ ይወሰዳል። ጠበሉም ዱዓውም ክፉ አይደለም። ግን በሽታው መቼና በማን እጅ እንደጀመረ የሚያስታውስ ሰው ይጠፋና ጉዳቱ ከአጥፊው ላይ ወርዶ በሰይጣን ላይ ይለጠፋል። ሰይጣን ደግሞ ፍርድ ቤት አይቀርብም፤ ካሳም አይከፍልም። ለአጥፊው ይህን የመሰለ ምቾት የት ይገኛል?

አሁን ሁለት የመርሳ ልጆች እናስብ። ለምሳሌ ያህል ነው፤ የማንንም ስም አንጠራም። ሁለቱም በአንድ ቀን ጭንቅላታቸውን ተመቱ፣ ሁለቱም የሚጥል በሽታ ቀረባቸው። አንደኛውን የመታው ከደሴ በውጫሌና በውርጌሳ አድርጎ ወደ ወልድያ ሲከንፍ የነበረ አይሱዙ ነው። ሁለተኛውን የመታው የጸጥታ አስከባሪ ቆመጥ ነው። የትኛው ልጅ ዕድለኛ ነው ትላላችሁ?

በአይሱዙ የተመታው ነው። ለምን? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ሹፌሩ አጠፋ አላጠፋ ብሎ ተጎጂው ማስረዳት አይጠበቅበትም። ሹፌሩ መኪናውን ያለፈቃድ ነድቶት ቢሆን እንኳ ባለቤቱ መኪናው ተሰርቆ እንደነበር ካላስረዳ በቀር አያመልጥም። በዚያ ላይ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ አለ። ገጭቶ ያመለጠው መኪና ባይታወቅ፣ ወይም መድን የሌለው ቢሆን እንኳ ለተጎጂው የሚደርስ የመድን ፈንድ ተቋቁሟል። የመድኑ ጣራ ትንሽ ነው፤ በ2005 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ለአካል ጉዳት 40 ሺህ ብር ብቻ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ከፍ እንዲል ተደርጓል። ጉዳቱ ከጣራው ከበለጠ ቀሪውን ከባለ መኪናው መጠየቅ ይቻላል። ብቻ የሚጠየቅ ሰው አለ፣ ታርጋ አለ፣ ሊብሬ አለ።

በቆመጥ የተመታውስ? “ማን መታህ?” ይባላል። አያስታውስም። “የመታህ ሰው መለያ ቁጥሩ ስንት ነው?” “ፌዴራል ነው ልዩ ኃይል? ወይስ መከላከያ?” “ምስክር አለህ?” ምስክር ነበር፤ ግን ምስክሩም የሚኖረው እዚያው ከተማ፣ የሚያልፈውም በዚያው ኬላ ነው። ታርጋ የሌለው ቆመጥ ታርጋ ካለው አይሱዙ የበለጠ ተከበረ ማለት ነው። ወይ ጉድ! ዜጋው ግብር የሚከፍለው ለአይሱዙው ባለቤት ነው ወይስ ለመንግሥት?

ሕጉ ግን ይህን አላለም። ሕጉን ገልጦ ላየው ከካድሬው አፍ የተሻለ ነገር ይናገራል። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2126 የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ ጉዳት ካደረሰ ይካሳል ይላል። ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነ ደግሞ ተጎጂው መንግሥትን ራሱን መጠየቅ ይችላል፤ መንግሥት ከከፈለ በኋላ ወደ አጥፊው ሠራተኛ ተመልሶ ይጠይቅ። ቁጥር 2092 ወደፊት መድረሱ የማይቀር ጉዳት እስኪደርስ ሳይጠበቅ ካሳ ይታሰብለታል ይላል። ቁጥር 2102 ደግሞ የጉዳቱን ልክ በትክክል ማስላት ካልተቻለ ዳኛው በርትዕ ይወስን ይላል። እንግዲህ የደመወዝ ወረቀት የሌለው የሀብሩ ገበሬ፣ የመርሳ ማንጎ ነጋዴ፣ የወልድያ ባጃጅ ነጂ “ገቢህን አላስረዳህም” ተብሎ ባዶ እጁን ሊሸኝ አይገባውም። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉም በቁጥር 154 ተጎጂው የካሳ ጥያቄውን ከወንጀሉ ክስ ጋር አጣምሮ እንዲያቀርብ በር ከፍቷል። ተከሳሹ በወንጀል ነፃ ወጣ ማለትም ካሳ ቀረ ማለት አይደለም፤ ቁጥር 2149 የካሳውን ነገር የሚያየው ዳኛ በወንጀል ችሎቱ የነፃ መልቀቅ ውሳኔ አይታሰርም ብሏልና።

“ጊዜው አልፏል” የሚባለውንም እንየው። ብዙ ሰው የሚሰማው ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ይርጋው ሁለት ዓመት ነው ሲባል ነው። እውነት ነው፣ ቁጥር 2143 እንዲህ ይላል። ግን አንቀጹ እዚያ ላይ አያቆምም። ጉዳቱ የመጣው በወንጀል ከሆነና የወንጀል ሕጉ ለዚያ ወንጀል የረዘመ ይርጋ ካስቀመጠ ለካሳውም የሚሠራው ይኸው የረዘመው ጊዜ ነው ብሎ ይቀጥላል። በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አስቦ ከባድ የአካል ጉዳት ማድረስ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ይህን ያህል ለሚያስቀጣ ወንጀል የክሱ ይርጋ 20 ዓመት ነው። በጥር 2010 ለተመታ ሰው ሂሳቡን አንባቢ ራሱ ይሥራው፤ እስከ 2030 ዓ.ም. ሊከራከርበት የሚችል በር አለ ማለት ነው። የመጨረሻው ቃል የዳኛ ቢሆንም፣ ይህን አንቀጽ እስከ መጨረሻው ሳያነቡ ድሃውን ከጽሕፈት ቤት ደጃፍ መመለስ ግፍ ነው።

ሕጉ እንዲህ ደግ ከሆነ ታዲያ ችግሩ ምንድነው? ችግሩ አራት ነው።

የመጀመሪያው 1,000 ብር ነው። የሕሊና ጉዳት ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ቁጥር 2116 ጣራ አበጅቷል። በ1952 ዓ.ም. ሺህ ብር ወደ 400 የአሜሪካ ዶላር ነበር፤ ቁም ነገር ነበር። ዛሬ ከአሥር ዶላር በታች ነው። ሦስት መንግሥት ሲለዋወጥ የዘውዱ አንቀጽ ተሻረ፣ የመሬቱ ተሻረ፣ የቤተሰቡ ተሻሻለ። የዜጋው ሕመም ዋጋ ግን ንጉሡ ትተውት በሄዱበት ተገትሮ ቀረ። ልጇ እሷን “አንቺ ማነሽ?” ብሎ የጠየቃት እናት ሐዘኗ ሺህ ብር ያወጣል? ሺህ ብር እኮ ከወልድያ አዲስ አበባ ለሕክምና ደርሶ መልስ አያደርስም!

ሁለተኛው ውክልና ነው። አእምሮው የተጎዳ ሰው ራሱ ከሳሽ ሆኖ መቆም አይችልም። ቤተሰቡ መጀመሪያ በፍርድ እንዲከለከል ጠይቆ ሞግዚት ማሾም አለበት። ይህ ራሱ አንድ ክስ ነው፤ ራሱ ወረቀት፣ ምስክር፣ ቀጠሮ ነው። ካሳ ለመጠየቅ የሚያስችለውን መብት ለማግኘት ሌላ ደጅ ጥናት! ብዙው ቤተሰብ እዚያው ላይ ይደክመዋል።

ሦስተኛው ማስረጃ ነው። ፍ/ቤት የሐኪሞች ቦርድ የጉዳቱን መጠን በመቶኛ ጽፎ እንዲሰጥ ይጠይቃል። የተቆረጠ ጣት በመቶኛ ይለካል፤ የጠፋ ትዝታ፣ የተለወጠ ጠባይ ግን ማን ይለካዋል? የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች በአብዛኛው ያሉት አዲስ አበባና ጥቂት ትልልቅ ከተሞች ነው። የወልድያ ሆስፒታል ደግሞ በጦርነቱ ተዘርፏል። በተዘረፈ ሆስፒታል የአንድ ድሃ የ2010 ካርድ ይገኛል ብሎ መጠበቅ ከባድ ነው። ካርዱ ሲጠፋ ጉዳቱም እንዳልነበረ ይቆጠር?

አራተኛው ፍርሃት ነው። በዚህ ላይ ብዙ መጻፍ አያስፈልግም፤ አንባቢ ያውቀዋል። ከሳሹ ሲመሽ የሚሄድበት ሌላ አገር የለውም።

መንግሥትስ ምን አለ? ሰኔ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. ጠ/ሚ ዐቢይ አሕመድ ፓርላማ ቀርበው ሰው ማሰቃየት ራሱ የሽብር ሥራ እንደነበረ፣ ሠሪውም መንግሥት እንደነበረ አመኑ። አገር አጨበጨበ። እኛም ማመኑን አንነቅፍም፤ ያመነ መንግሥት ብርቅ ነው። ነገር ግን በሕግ ቋንቋ ጥፋቱን ያመነ ተከሳሽ ቀጥሎ የሚጠየቀው “ስንት ትከፍላለህ?” ተብሎ ነው። እዚህ ላይ ጭብጨባው ዋጠው። በ2011 ዓ.ም. የእርቀ ሰላም ኮሚሽን በአዋጅ ቁጥር 1102 ተቋቋመ፤ ሦስት ዓመት ቆይቶ በ2014 ዘመኑ አበቃ። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ጸደቀ፤ ማካካሻ የሚል ቃልም በውስጡ አለ። ቃሉ ጥሩ ነው። ግን በቃል ያደረ ካሳ መድኃኒት አይገዛም።

እንዲህ ያለውን ከዚህ በፊትም አይተናል። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ አጣሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ነበር። ምክትል ሰብሳቢው ዳኛ ወልደሚካኤል መሸሻ አገር ጥለው ከወጡ በኋላ 193 ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸውን፣ 763 መቁሰላቸውን ይፋ አደረጉ። እነዚያ 763 ሰዎች የፖለቲካ ክርክር ማጣፈጫ ሆነው ቀሩ እንጂ የካሳ መዝገብ አልሆኑም። የወልድያና የመርሳ ቁስለኞች በዚያው ጎዳና እንዲሄዱ አንፈልግም።

ደግሞ ነገሩ በ2010 አላቆመም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሕወሓት ኃይሎች ወልድያን ይዘው እስከ ታኅሣሥ 2014 ቆዩ። መድፍ ወደቀ፣ ሰው ተደበደበ፣ ቤት በሰው ላይ ፈረሰ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ሲፈረም የተፈራረሙት ሁለቱ ወገኖች ተጨባበጡ። የሀብሩን ቁስለኛ እጅ ግን የጨበጠው የለም። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ ክልሉ የገባበት ግጭትም ሌላ ቁስለኛ ጨመረበት። እኛ የምንለው ቁስለኛ በማን ጥይት ቆሰለ ተብሎ አይመረጥ ነው። በተወረወረ ድንጋይ ጭንቅላቱን የተመታ ፖሊስም ቢሆን ሰው ነው፤ እሱም እናት አለችው፤ እሱም ይካስ።

“አገሪቱ ድሃ ናት፣ ከየት ታምጣ?” የሚሉን አይጠፉም። ለዚህ መልስ አለን። ጥይት ሲገዛ፣ መናፈሻ ሲሠራ፣ ስብሰባ ሲጠራ ድሃ ነን አልተባለም። እንግሊዝ በወንጀል ለተጎዱ ሰዎች ከመንግሥት ካዝና ካሳ መክፈል የጀመረችው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ነው። ኒውዚላንድ ከ1974 ጀምሮ በአደጋ የተጎዳን ሰው ጥፋተኛው ማነው ሳትል የምትክስበት ሥርዓት አላት። እነሱ ሀብታም ናቸው ይባል። የእኛው የሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ስ? በሥራ ላይ ለዘለቄታው ሙሉ በሙሉ ከሥራ ውጭ ለሆነ ሠራተኛ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም የአምስት ዓመት ደመወዝ እንዲካስ ያዛል። ከግል ነጋዴ ይህን የሚጠብቅ መንግሥት ከራሱ ለምን ያንሳል?

“ገንዘብ ጤና አይመልስም” የሚሉም አሉ። አዎ፣ አይመልስም። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ግን በገንዘብ ነው የሚገዛው። ልጁን ለመጠበቅ ሥራዋን ትታ ቤት የተቀመጠች እናት በልታ የምታድረው በገንዘብ ነው።

በወሎ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የወሎ አባጋሮች፣ የራያ ቆቦ ዘወልዶች ደም ሲያደርቁ የኖሩት ዝም ብለው “ተሳሳሙ” እያሉ አይደለም። አጥፊ ቀርቦ ያምናል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ ካሳው ይከፈላል፣ ከዚያ ነው እርቁ። ሽማግሌ ያለ ካሳ የማያስታርቀውን መንግሥት በመግለጫ ብቻ ሊያስታርቅ ይቻለዋል?

ስለዚህ እንዲህ እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ በወልድያ፣ በቆቦ፣ በመርሳና በአካባቢው ከ2010 ወዲህ የቆሰሉ ሰዎች ስም ከነጉዳታቸው በአንድ መዝገብ ይመዝገብ። ቀበሌው ሳይሆን ገለልተኛ አካል ይመዝግበው።

ሁለተኛ፣ ፓርላማው የ1,000 ብሩን ጣራ ያንሣ። አንድ አንቀጽ ነው፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል።

ሦስተኛ፣ የጸጥታ ኃይል በተሰማራበት ቦታ ለቆሰለ ሰላማዊ ሰው መንግሥት ይክፈል፤ ማን እንደመታ ፈልጎ ማግኘት የመንግሥት ሥራ እንጂ የቁስለኛው አይሁን።

አራተኛ፣ የጭንቅላት ጉዳትን የሚመረምር የሐኪሞች ቡድን በየጊዜው ወልድያ ድረስ ይላክ። የጠፋ ካርድ በምስክርና በአዲስ ምርመራ ይተካ።

አምስተኛ፣ ካሳው አንድ ጊዜ ተወርውሮ የሚያልቅ ሳይሆን በየወሩ የሚቆረጥ አበል ይሁን። አእምሮው ለተጎዳ ሰው በአንድ ቀን የተሰጠ ገንዘብ በማግስቱ የሌላ ሰው ነው።

ለቤተሰቦችም አንድ ቃል አለን። ያላችሁን ወረቀት ሁሉ፣ የመድኃኒት ማዘዣ ቁራጭ እንኳ ብትሆን አትጣሉ። መጀመሪያ የታከመበትን ቀን ጽፋችሁ አስቀምጡ። የሞግዚትነቱን ማመልከቻ ዛሬ ነገ አትበሉ። ለዳኝነት የሚከፈል ከሌላችሁ በደሃ ደንብ መክሰስ እንደሚቻል የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ፈቅዷል። ተከሳሹ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ነው ተብላችሁ አዲስ አበባ ሂዱ ብትባሉም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 78 እና 80 የፌዴራል ፍ/ቤቶችን ሥልጣን ለክልል ፍ/ቤቶች በውክልና መስጠቱን ጠቅሳችሁ ተከራከሩ። ብትረቱም ባትረቱም መዝገቡ ይቀራል። “በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለፍርድ የሄደች ጭብጦዬ” ያሉት አባቶች ነገሩ ገብቷቸዋል።

የወጋው እንዲረሳ ሁሉ ነገር ተመቻችቶለታል፤ ሹመቱ ተቀይሯል፣ ቦታው ተቀይሯል፣ የፓርቲው ስም ሳይቀር ተቀይሯል። የተወጋው የሚረሳው ግን ወዶ አይደለም፤ ማስታወሻውን ነው የመቱበት። ስለዚህ ማስታወሱ የእኛ ዕዳ ነው፤ መክፈሉ ደግሞ የመንግሥት።